ምሳ ያበላው ስም ያወጣል፦ ስድስት ቀን በስቫልባርድ

ከሃያ ዓመት በፊት ጎጃም ውስጥ ቅየሳ ስንሠራ አንድ ተራራ አስቸገረን። ከወዲህ ያለው መንደር አንድ ስም ይጠራዋል፣ ከወዲያ ያለው ደግሞ ሌላ። ሁለቱም ወገን ሽማግሌ አቁሞ አስመሰከረ። አለቃችን ግራ ገባው። በመጨረሻ ማስታወሻው ላይ የሰፈረው ምሳ የበላንበት መንደር ያለን ስም ነው። ዶሮ ወጥ ነበር፣ ዛሬም አልረሳውም።

አሁን ኦስሎ ነው የምኖረው፣ አውቶቡስ እነዳለሁ። ካርታ የማየት አመል ግን አልለቀቀኝም። አንድ ሌሊት የኖርዌይ ዋልታ ተቋም በኢንተርኔት ያወጣውን የስቫልባርድን፣ ወደ ሰሜን ዋልታ የተጠጉትን ደሴቶች፣ ካርታ ስበረብር 79 ዲግሪ ላይ፣ በግግር በረዶ መሃል፣ ኒውተንቶፐን የሚባል ተራራ አየሁ። «የኒውተን ጫፍ» ማለት ነው። 1713 ሜትር፣ የስቫልባርድ አንደኛ። ነባር ሰው በሌለበት አገር ለዚህ ሁሉ ተራራ ስም ያወጣው ማን ነው? ኒውተንስ እዚያ ምን ወሰደው? የዓመት ፈቃዴን ይዤ ሄድኩ።

ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ጽፌያለሁ፣ ጉዞው ነሐሴ 2017 ነው። የፈረንጆቹ ታሪክ ግን በራሳቸው ዘመን ይሁን፣ አለዚያ እኔም እናንተም እንሳሳታለን።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12፦ ከኦስሎ ሎንግየርቢየን

ስቫልባርድ የኖርዌይ ናት፣ ከሼንገን ግን ውጭ ናት። ስለዚህ ትሮምሶ ላይ ሁላችንም ወርደን ፓስፖርት አሳየን። ከኢትዮጵያ ለምትመጡ፦ ስቫልባርድ ራሷ ቪዛ አትጠይቅም። መንገዱ ግን በኖርዌይ በኩል ስለሆነ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ይዞ የወጣ ሰው መመለሻው ላይ ጉድ ይፈላበታል።

ይህ ሁሉ የመጣው በ1920 ፓሪስ ላይ ከተፈረመው ውል ነው። መሬቱ ለኖርዌይ ተሰጠ፤ የፈራሚ አገሮች ዜጎች ግን እኩል የመሥራት መብት አገኙ። ግብፅና ሳዑዲ ዓረቢያ ከ1925 ጀምሮ በውሉ ውስጥ አሉ። ሁለት የበረሃ አገሮች ዋልታ ላይ ድርሻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ገርሞኛል።

ዋናው ከተማ ሎንግየርቢየን ስደርስ ሻንጣዬ የለም። የበረራ ድርጅቱን ስም አልጠራም። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ልጅ «ነገ ይመጣል» አለችኝ። ቦት ጫማዬ፣ ወፍራም ጃኬቴና የጾም ስንቄ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ፍልሰታ ነው እንግዲህ። እጄ ላይ የቀረችው ባለቤቴ በግድ ኪሴ ውስጥ የከተተችው አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ነች። «አውሮፕላን ውስጥ ማን ዳቦ ቆሎ ይበላል?» ብያት ነበር። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ደጅ የነጭ ድብ ሥዕል ያለበት የማስጠንቀቂያ ምልክት አለ። ከሥሩ «መላው ስቫልባርድን ይመለከታል» ይላል። ቀልድ አይደለም። ከከተማው ክልል የሚወጣ ሰው ከድብ የሚከላከልበት ነገር መያዝ አለበት፣ አብዛኛው ሰው ጠመንጃ ነው የሚይዘው።

ማረፊያዬ ሸለቆው መጨረሻ ላይ ያለ የድሮ የማዕድን ሠራተኞች መኝታ ቤት ነው። አንድ አልጋ፣ የጋራ ሻወር፣ በቀን 1290 ክሮነር። በሩ ላይ ጫማ አስወለቁኝ። ሰዉ ከከሰል ጉድጓድ ሲመለስ ጥቁር አቧራ እንዳያስገባ የተጀመረ ልማድ ነው። የመጨረሻው የኖርዌይ ከሰል ጉድጓድ በ2025 ሰኔ ላይ ተዘግቷል፣ ጫማ ማውለቁ ግን እስካሁን አልቀረም። ሙዚየሙም ጭምር በካልሲ ነው የሚገባው። ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መሰለኝና ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት መጋረጃውን ገለጥ ባደርግ ውጭው ቀን ነው። እንደ ማለዳ ያለ ብርሃን ሸለቆው ውስጥ ተኝቷል። እዚህ ፀሐይ ከሚያዝያ ወዲህ አልጠለቀችም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13፦ ቡሄ በካልሲ

ሻንጣው አልመጣም።

የቡሄ ዕለት መሆኑን ያስታወሰችኝ እማዬ ነች፣ ከደብረ ማርቆስ ደውላ።

«አንተ ልጅ፣ ሙልሙል አገኘህ?»

«እማዬ፣ እዚህ ሙልሙል የት አለ?»

«ደብረ ታቦር እኮ ነው ዛሬ። ከተራራ ላይ ነኝ አላልከኝም? ሰው አለ እዚያ?»

«ከተማው ውስጥ ሁለት ሺህ ተኩል ያህል ሰው አለ። ተራራው ላይ ግን ማንም የለም።»

«ታዲያ ተራራውን ማን ብለው ይጠሩታል?»

የምፈልገውን ጥያቄ እሷ ቀድማ ጠየቀችው።

ወደ መሃል ከተማ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ወረድኩ። መንገዱ ዳር ሁለት አጋዘኖች ሣር ይግጣሉ፣ እግራቸው አጭር፣ ሆዳቸው ክብ። ሰው ሲያልፍ ቀና ብለው እንኳ አያዩም። ቡና 58 ክሮነር ነው። በብር መታው፣ ወደ 800 ይጠጋል። ቶሎ ላለመጨረስ በቀስታ ጠጣሁት። ስኒው ትልቅ፣ ቡናው ቀጭን።

ሱፐርማርኬቱ ግን አስገርሞኛል። ኦስሎ ያለ ነገር ሁሉ አለ፣ በዋጋ ላይ ዋጋ ተጨምሮበት። ከውጭ አገር ሰው ታይላንዳውያንና ፊሊፒናውያን በብዛት ስላሉ ሩዙና ቅመሙ ሞልቷል። ሩዝ፣ ምስርና ሚጥሚጣ የሚመስል በርበሬ ገዛሁ። 214 ክሮነር። ጾሙ ተረፈ።

ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገባሁና የመጣሁበትን ነገር አገኘሁ። የስቫልባርድ የቦታ ስሞች መዝገብ ወፍራም፣ እንደ ገድል የከበደ መጽሐፍ ነው። በ1942 የታተመ፣ ኖርዌይ በጀርመን በተያዘችበት ዘመን። እያንዳንዱ ስም ሥር ቦታው የት እንደሆነ፣ ትርጉሙ፣ ማን በስንት ዓመት እንዳወጣው፣ በሌላ ቋንቋ ምን ሲባል እንደነበር ተጽፏል። ሥራውን የያዘው አዶልፍ ሁል የሚባለው የጂኦሎጂ ሰው በ1928 የመሠረተው የስቫልባርድ ጥናት መሥሪያ ቤት ነው። ይኸው መሥሪያ ቤት በ1948 ዋልታ ተቋም ሆነ። ሁል ራሱ የናዚ ደጋፊው የኖርዌይ ፓርቲ አባል ስለነበር ከጦርነቱ በኋላ ተፈርዶበታል። መዝገቡ ግን እስካሁን የሁሉም መነሻ ነው።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ቤተ መጻሕፍት ጠባቂዋ ሁለት ጊዜ መጥታ አየችኝ። መቼም ይህን መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው በየቀኑ አይመጣላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1596 ሆላንዳዊው ቪለም ባረንትስ በመርከብ ሲመጣ ያየው ሹል ሹል ተራራ ነው። ስፒትስበርገን አለው፣ «ሹል ተራሮች» እንደማለት። አገሩን ሁሉ በአንድ ቃል ሰየመና ሄደ። ከዚያ ዓሣ ነባሪ አዳኞቹ ተከተሉ። እነዚህ ያዩትን ነው የሚጠሩት። እንግሊዛዊው ጆናስ ፑል በ1610 ሰዎቹ የአጋዘን ቀንድ አግኝተው ቢያመጡለት ቦታውን የቀንድ ወሽመጥ አለው፣ ዛሬም ሆርንሱን ነው። ደወል የሚመስል ተራራ ያለበት ደግሞ ቤልሱን ሆነ። ይህ እንደኛ አገር ነው፣ ገደሉን ገደል፣ ቀዩን አፈር ቀይ አፈር ማለት።

ስሙ በአፍ ሲዞር ይበላሻል፣ ይህም እንደኛው ነው። ከተማው ፊት ለፊት ያለው ፊዮርድ፣ በተራሮች መሃል የገባ የባሕር ክንድ ማለት ነው፣ አድቬንትፊዮርድ ይባላል። እኔ የገና ጾም ጋር የተያያዘ መስሎኝ ነበር፣ እነሱ አድቬንት የሚሉት እሱን ነውና። ለካ በ1656 እዚህ የነበረች አድቬንቸር የምትባል የእንግሊዝ መርከብ ስም ተሸራርፎ ነው! ራስ ደጀን በፈረንጅ ካርታ «ራስ ዳሽን» ሆኖ እንደቀረው ማለት ነው። እኛም ዳሽን ባንክና ዳሽን ቢራ ከፍተን አጸደቅንላቸው።

ሆላንዱ፣ እንግሊዙ፣ ስዊድኑ፣ ጀርመኑ፣ ሩሲያው፣ ፈረንሳዩ ሁሉም በየካርታው የየራሱን ስም ጻፈ። አንድ ተራራ አራትና አምስት ስም ያለው አለ። ኖርዌይ በ1925 መሬቱን ስትረከብ መጀመሪያ ያደረገችው አገሩን ስቫልባርድ ማለት ነው፤ በ1194 በአይስላንድ ዜና መዋዕል ውስጥ የተጻፈ ስም ነው፣ «ቀዝቃዛው ዳርቻ» ማለት። ከዚያ እነሁል ቁጭ ብለው አንድ በአንድ መረጡ። የቀደመው ስም ይያዝ፣ መጨረሻው ግን በኖርዌይኛ ይሁን አሉ። ተራራ ከሆነ ፊየሌት፣ ጫፍ ቶፐን፣ ግግር በረዶ ብሬን፣ ሸለቆ ዳለን። እነዚህን አራት ቃላት የያዘ ሰው የስቫልባርድን ካርታ ማንበብ ይችላል።

ስወጣ የወረቀት ካርታ ገዛሁ። ባለቤቴ ዋጋውን እንዳትሰማ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14፦ የሬሳ ሣጥኑ ተራራ

ሻንጣው ዛሬም የለም። ቦት ጫማ በ200 ክሮነር ተከራየሁ። የኔ ቁጥር 42 ነው፣ የተረፈው 44 ብቻ ነበር። ሁለት ካልሲ ደርቤ ገባሁበት።

የዛሬው የእግር ጉዞ ከማረፊያዬ ጀርባ ባለው ግግር በረዶ ላይ አልፎ ሳርኮፋገን የሚባል ተራራ ላይ ይወጣል። ከነአስጎብኚው 1090 ክሮነር። አስጎብኚያችን የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነች፣ ጠመንጃ በትከሻዋ። ገበሬ ዱላ እንደሚይዘው ነው የያዘችው፣ ለጉራ አይደለም። ስድስት ሰዎች ነበርን። ኋላ ቀርተው ሲያለከልኩ ከነበሩት ሁለቱ አንዱ እኔ ነኝ። «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስላት «እንግዲያው ሩጫ ትችላለህ» አለችኝ። ዝም አልኩ።

ከበረዶው የሚቀልጠው ውኃ በበረዶው ላይ ቦይ ሠርቶ ይወርዳል። አንዷን ቦይ ስዘል የ44ቱ ቦት ከዳኝ። አንድ እግሬ እስከ ጉልበት ገባ። ብርዱ መጀመሪያ አይሰማም፣ ቀጥሎ አጥንት ውስጥ ይገባል። ልጅቱ ቦርሳዋን ከፍታ ደረቅ ካልሲ ሰጠችኝ። በየጉዞው አንድ ሰው እንደሚገባ ታውቃለች ማለት ነው።

በረዶው ዳር ያለው የድንጋይ ክምር ውስጥ የቅጠል ቅርጽ የታተመባቸው ድንጋዮች አሉ። እውነተኛ ቅጠል፣ ሥሩ እንኳ የሚቆጠር። ይህ ቦታ ከብዙ አሥር ሚሊዮን ዓመት በፊት ጫካ ነበር። ዛሬ አንድም ዛፍ የለም። ትንሽ ድንጋይ መውሰድ ተፈቅዶልን አንዷን ኪሴ ከተትኩ።

ሳርኮፋገን ላይ ስንደርስ ጂፒኤሴ 512 ሜትር አለ። ስሙ የድንጋይ ሬሳ ሣጥን ማለት ነው፣ ከታች ስታዩት ክዳን ያለው ሣጥን ይመስላል። ከፊት ለፊት ኑርደንሾልድቶፐን ይታያል፣ 1050 ሜትር። ሰውየው አዶልፍ ኤሪክ ኑርደንሾልድ ነው፣ በ1860ዎቹ ዱኔር ከሚባል የሥነ ፈለክ ሰው ጋር ሆኖ የስፒትስበርገንን ካርታ ያወጣው። በኋላ ቪጋ በምትባል መርከብ ከአውሮፓ በሳይቤሪያ ጫፍ ዞሮ ያለፈ የመጀመሪያው ነው። ጎበዝ ሰው፣ አልካድኩም። ግን ይህ ጫፍ የሱ፣ የቆምንበት ምድር በጠቅላላ ኑርደንሾልድ ላንድ፣ ነገ የምናየው ግግር በረዶ ደግሞ ኑርደንሾልድብሬን። ለአንድ ሰው አልበዛም?

ማታ ሻንጣው መጣ። ስከፍተው የሽሮው ላስቲክ ፈንድቷል። ካልሲዬም፣ ሹራቤም፣ ሌላው ቀርቶ የጥርስ ብሩሼም ሽሮ ሆኗል። የጋራው ማድቤት ውስጥ ከሹራቤ እያራገፍኩ ሠራሁት። አንድ ጀርመናዊ ሽታው ስቦት መጣ፣ አቀመስኩት። ከየት እንደሰበሰብኩት አልነገርኩትም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15፦ ወደ ኒውተን ደጅ

የመጣሁት ለዚህ ቀን ነው። ጀልባው ምሳ ጨምሮ 2150 ክሮነር። ከኢስፊዮርድ ተነስቶ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ቢሌፊዮርድ የሚባለው ውስጥ ይገባል። ባሕሩ እንደ ጣና ጸጥ ያለ ነበር።

በቀኝ በኩል ቴምፕሌት አለፈ፣ «መቅደሱ» ማለት ነው። ገደሉ እንደ ዓምድ ተደርድሯል። ላሊበላን የፈለፈሉት ሰዎች አይተውት ቢሆን እዚያው ሥራ ይጀምሩ ነበር። ከፊት የፒራሚደን ተራራ፣ 937 ሜትር፣ ጫፉ በእርግጥ እንደ ፒራሚድ በደረጃ የተሠራ ይመስላል። ሥሩ የሶቪየቶች የከሰል ከተማ አለች። ስዊድኖች በ1910 ጀምረዋት በ1927 ለሶቪየት ሸጧት፣ በ1998 ተዘጋች። ከዩክሬን ጦርነት ወዲህ የኛ ጀልባ እዚያ አያወርድም። ከባሕር ላይ ባዶዎቹን ፎቆች አይተን አለፍን። መስኮቶቹ ላይ ወፎች ሰፍረዋል።

ይህ ዳርቻ በሙሉ ዲክሶን ላንድ ይባላል። ዲክሶን ማን ነው? ተራራ የወጣ ሰው መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የስዊድኗ የየተቦሪ (ጎተንበርግ) ከተማ ነጋዴ ነው፣ የኑርደንሾልድን ጉዞዎች ወጪ የከፈለ። ሰሜን ምዕራብ በኩል ደግሞ አልበርት ቀዳማዊ ላንድና ሞናኮብሬን አሉ። የሞናኮው ልዑል አልበርት በ1906 እና 1907 የኖርዌጂያኑን የጉናር ኢሳክሰንን ቅየሳ በገንዘብ ደግፏል። ጎጃም ላይ እኛ ዶሮ ወጥ በልተን ያደረግነውን እነሱ በሚገባ አደራጅተው ሠርተውታል። ምሳ ያበላው ስም ያወጣል።

ስለ ምሳ ካነሳን፣ ጀልባው ላይ የተጠበሰ ሥጋ ነው ያቀረቡት። ጾመኛ መሆኔን ስናገር ፊሊፒናዊው ምግብ አብሳይ ሳቀና «እኔም ካቶሊክ ነኝ» አለ። ለሠራተኞች የተሠራውን ሩዝና ጎመን በሳህን ሞልቶ አመጣልኝ። በሕጉ መሠረት አንድ ተራራ ይገባዋል።

ከዚያ ኑርደንሾልድብሬን ፊት ቆምን። በረዶው ከባሕሩ ላይ እንደ ግንብ ተነስቷል፣ ሰማያዊ ነው፣ አልፎ አልፎ እንደ ነጎድጓድ ይጮሃል። ከኋላው ነጭ ሜዳ እየተነሳ ይሄድና ደመና ውስጥ ይጠፋል። ካርታዬን ዘረጋሁ። ኒውተንቶፐን ከቆምንበት ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። አዲስ አበባ ላይ ቆሞ ቢሾፍቱን እንደመፈለግ። ደመናው ግን አልተገለጠም። ግማሽ ሰዓት ቆምን፣ አልተገለጠም።

ስለዚህ ያላየሁትን ተራራ ታሪክ ልንገራችሁ።

ኒውተን ምድር ድቡልቡል ኳስ አይደለችም፣ ወገቧ ላይ ትወፍራለች፣ ዋልታዎቿ ላይ ጠፍጠፍ ትላለች ብሎ ነበር። ከመሃሏ እስከ ምድር ወገብ 6378 ኪሎ ሜትር፣ እስከ ዋልታ 6357። ልዩነቱ 21 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን በመሬት ላይ ማረጋገጥ የሚቻለው የአንድ ዲግሪን ርዝመት በመለካት ነው። ወገብ አጠገብ አንድ ዲግሪ 110.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ዋልታ አጠገብ 111.7። ፈረንሳዮች በ1730ዎቹ በፔሩና በላፕላንድ ለክተው ኒውተን ልክ መሆኑን አሳይተዋል። በትክክል ምን ያህል ጠፍጣፋ ናት ለሚለው ግን ይበልጥ ወደ ዋልታ የቀረበ መለኪያ ያስፈልግ ነበር።

ኪደኒየስ የሚባል ወጣት የፊዚክስ ሰው በ1861 እዚህ መጥቶ ይቻል እንደሆነ አየ። ይቻላል አለና ሳይለካ በ1864 ሞተ። ሥራውን ስዊድንና ሩሲያ በጋራ የጀመሩት በ1899 ነው። ሩሲያዎቹ ደቡብ በኩል ሆርንሱን ላይ ከረሙ፣ ስዊድኖቹ ሰሜን ላይ፣ ስሙ ራሱ «የሐዘን ፊዮርድ» በሚባል ቦታ። በመሃላቸው ከተራራ ጫፍ ወደ ተራራ ጫፍ በሦስት ማዕዘን እያያያዙ ከአራት ዲግሪ በላይ ለኩ። ማዕዘን የሚለካውን ቴዎዶላይት ተሸክሞ አቀበት የወጣ ሰው ብቻ ነው ይህን የሚያውቀው። እኛ ቢያንስ አህያ ነበረን። እነሱ መሣሪያውን በሸርተቴ እየጎተቱ፣ ጫፍ ላይ ደርሰው፣ ጉም እስኪገለጥ ቀናት ጠብቀው፣ ጣታቸው እየደነዘዘ ማዕዘን ያነባሉ። ከነዚህ አንዱ፣ ሄልጌ ባክሉንድ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1900 ከፍተኛው ጫፍ ላይ ወጣ። ያ ጫፍ ነው ኒውተንቶፐን። የተራሮቹ ሰንሰለት በኪደኒየስ ተሰይሟል፣ ኪደኒየስፊየላ። አንድ ሜትር ብቻ የሚያንሰው ሁለተኛው፣ 1712 ሜትሩ ፔርየቶፐን፣ በፈረንሳዊው የምድር ልኬት ጄኔራል በፔርየ ስም ነው።

ይሄ ደስ አለኝ። ኒውተን ለማንም ምሳ አላበላም። ከሞተ 170 ዓመት አልፎት ነበር። ተራራውን ያገኘው ሰዎቹ እዚያ ድረስ የሄዱለትን ጥያቄ የጠየቀ እሱ ስለሆነ ነው። ካየኋቸው ስሞች ሁሉ የሚገባው ይኸኛው ነው ብዬ ወሰንኩ።

ቁመቱን በተመለከተ ግን አትኩራሩበት። 1713 ሜትር ማለት ከፒያሳ በጣም ዝቅ ይላል። የድሮ ካርታዎች 1717 ይሉታል። እኛም ራስ ደጀንን 4620 ብለን ነው የተማርነው፣ አሁን 4550 የሚለው ይበዛል። ተራራ በጡረታ ዘመኑ ያጥራል።

አስጎብኚው በላስቲክ የተሸፈነ የድሮ ፎቶግራፍ አሳየን፣ ከአውሮፕላን የተነሳ። በ1936 እና በ1938 በርንሃርድ ሉንከ የሚባል ቀያሽ ከባሕር ኃይል አውሮፕላን ላይ ሆኖ ተራሮቹን ከጎን እያነሳ ዞሯቸዋል። በእግር ስንት ክረምት የሚፈጀውን በሁለት ክረምት። ያኔ ነው የስም ረሃብ የመጣው። ካርታው ቢሮ ውስጥ ሲሣል ባዶ የነበረው ቦታ ሁሉ ጫፍና ሸለቆ ሆነ፣ ሁሉም ስም ይፈልጋል፣ የሚጠየቅ ሽማግሌ የለም። ፎቶዎቹ ዛሬ ለሌላ ሥራ ዋሉ። በ2022 የታተመ ጥናት ከአምስት ሺህ በላይ የሚሆኑትን በኮምፒውተር አገጣጥሞ በረዶው ያኔና ዛሬ ምን ያህል እንደሆነ አወዳድሯል። እኔ ጥናት አላስፈለገኝም። ፎቶውን ከፊቴ ካለው በረዶ ጎን ያዝኩት። በፎቶው ላይ በረዶ የነበረበት አሁን ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ደግሞ ስም ይፈልጋል።

ዓርብ፣ ነሐሴ 16፦ ጉም

ኪዳነ ምሕረት። ፍልሰታ ተፈታ ማለት ነው፣ ግን ዓርብ ላይ ስለዋለ ፍስኩ ለቅዳሜ አደረ። ሁለት ሳምንት ጠብቄ አንድ ቀን ተጨመረብኝ።

ለዛሬ የያዝኩት ጉዞ በጉም ተሰረዘ፣ ገንዘቡን መለሱልኝ። በታክሲ የዘር ማከማቻው ደጅ ሄጄ መጣሁ። ፕላቶበርገት ከሚባለው ተራራ ሆድ ውስጥ የወጣ የብረትና የሲሚንቶ ሽብልቅ ይመስላል። ከ2008 ጀምሮ ከዓለም ዙሪያ የመጣ ዘር ውስጥ ተቀብሯል። አዲስ አበባ ያለው የእንስሳት ምርምር ተቋም የላከው የመኖ ዘርም አለበት። ጎብኚ አይገባም። በሩን ፎቶ አንስቼ ተመለስኩ። የታክሲው የደርሶ መልስ ሂሳብ ከዘሩ ሁሉ ሳይከብድ አይቀርም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17፦ ፍስክ

ጾሜን የፈታሁት አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ነው። ደረቅ ዳቦ፣ በመሃሉ አንድ ቅጠልና ወረቀት የሚያህል ሥጋ፣ 135 ክሮነር። እንዲህ ያለ ፍስክ ለጠላቴም አልመኝም። ፍተሻው ላይ ባለ ቅጠሏን ድንጋይ አገላብጠው አይተው መለሱልኝ።

አውሮፕላኑ ሲነሳ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ያኔ ነው የገለጠው እንግዲህ። የኔ ወንበር በሌላው ጎን ነው። አጠገቤ ያሉት ሰዎች እስኪሰለቹ አንገቴን ባሰግግም ያየሁት ክንፉን ነው።

ኦስሎ እንደገባሁ ለእማዬ ደወልኩ። ስለ ነጋዴው፣ ስለ ልዑሉና ስለ ኒውተን ነገርኳት። ከዚያ ስለ ጎጃሙ ተራራም ነገርኳት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አውርቻት አላውቅም ነበር። የት አካባቢ እንደሆነ በዝርዝር አስነገረችኝና ሳቀች። የትውልድ ቀበሌዋ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ለካ እነሱ ልጆች ሆነው ሌላ፣ ሦስተኛ ስም ነበር የሚጠሩት።

«ለምን አልጠየቅከኝም?» አለችኝ።

ስሙን ጻፍኩት። ከዚያ ቡናው ስንት እንደነበር ደግሜ እንድነግራት አደረገችኝ።